ስለ ክብሪት ጭስ ላወራ አውሮፓ ልሂድ?

የዛሬው ደብዳቤ ከዚሁ ከደሴ ነው የመጣው። ጸሐፊዋ ስሜ ይቅር ስላለች «ግራ የገባት ሐኪም» እንበላት። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል የሚጥል በሽታ ክትትሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሰኔ አውሮፓ ውስጥ በሚካሄድ ትልቅ የነርቭ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ጥናቴ በፖስተር እንዲቀርብ ተቀብለውኛል። ጥናቱ ታካሚዎቻችን ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት የት የት እንደሚሄዱ ነው። ጠበል፣ ዱዓ፣ የባህል መድኃኒት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ይኸው ነው። ሰሞኑን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምዝገባው በዩሮ ነው፣ እኔ ያለኝ የዕቁብ ብር ነው። አለቃዬ ‹ትመለሻለሽ ግን?› ይለኛል እየሳቀ። እናቴ ደግሞ ‹ሂጂና እዚያው ቅሪ› ትለኛለች፣ እሷ ሳትስቅ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላው ስለ ዘረመል (ጂን) ሕክምና ሲያወራ እኔ ስለ ክብሪት ጭስ ላወራ መሆኑ ነው። ልሂድ ወይስ ልተወው?»

አብሽሪ እህቴ። ብሩም፣ ቪዛውም፣ አለቃሽም መላ አላቸው፣ እደርስባቸዋለሁ። የፖስተሩ ነገር ግን አናዶኛል፣ ስለዚህ ከሱ እጀምራለሁ።

የምን ማፈር ነው? ክትትል በሚኖርሽ ቀን በርሽ ላይ የሚሰለፈውን ሰው አስቢ። ከወረኢሉ ወይ ከኩታበር ሌሊት ተነስቶ የመጣ አባት ልጁን ይዞ ይገባል። ልጁ አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው። ክንዱ ላይ ሰፊ የእሳት ጠባሳ አለ፣ ምድጃ ዳር ሳለ ጥሎት ነው። መቼ ጀመረው ስትይ አባትየው «ገና እረኛ ሳለ» ይልሻል። እስከዛሬ የት ወሰዳችሁት ስትይ ትንሽ ዝም ይልና መዘርዘር ይጀምራል፣ እዚህ ጠበል፣ እዚያ ሼህ ቤት፣ ከዚያ አንድ ሥር የሚምስ አዋቂ። በመሀል ጎረቤቱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር እንደያዘለት ይነግርሻል፣ እንደ ውለታ ነው የሚነግርሽ። ቀና ብለሽ ስታዪ ልጁ አፍንጫ ጫፍ ላይ ያቺ ጥቁር ነጥብ አለች።

እስቲ ይህን የአውሮፓ ፕሮፌሰር ከየት ያመጣዋል? ላቦራቶሪው ውስጥ አያገኘው። ቢፈልገውም አንቺን ነው የሚጠይቀው።

ደግሞ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፣ በወረቀት የሰፈረ ነገር ነው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት፣ ከነዚህ 80 በመቶ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2022 እ.ኤ.አ. በሚጥል በሽታና በሌሎች የነርቭ ሕመሞች ላይ እስከ 2031 የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቋል። ለሚጥል በሽታ የተቀመጡት ግቦች 90፣ 80፣ 70 ናቸው። ከታማሚዎቹ 90 በመቶው ሕመማቸው የሚታከም የአንጎል ሕመም መሆኑን እንዲያውቁ፣ ከታወቀላቸው 80 በመቶው አቅማቸው የሚችለውን መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከሚታከሙት ደግሞ 70 በመቶው መውደቁ እንዲታገስላቸው። ያቺ የመጀመሪያዋ 90 የምትሳካውም የምትከሽፈውም ክብሪቱ በተጫረበት ግቢ ውስጥ ነው። ጄኔቫ የተጻፈው ግብ ወረኢሉ ላይ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ ፖስተር ይዘሽ ነው የምታፍሪው።

እስቲ አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። በየቀኑ የምታዝዢው ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መድኃኒት ነው እንግዲህ ዛሬም ብዙ ሰው የምታቆሚበት። ጉባኤው ላይ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ትገቢያለሽ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ ድንኳን የሠርግ ቤት ያስንቃል፣ መብራት፣ ቡና፣ ስክሪን። የፌኖባርቢታል ድንኳን ግን ብትፈልጊ አታገኚም። ምን ትርፍ አለውና! ስለዚህ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ርካሹ መድኃኒት የሚያወራ አንድ ሰው መኖሩ ራሱ ጥሩ ነው።

ከኛ አገር ወጥቶ ዓለም የሰማው የነርቭ ጥናት የለም እንዳትይኝ ደግሞ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ዞረው ነው የሚጥል በሽታን የቆጠሩት። ከ1,000 ሰው 5.2 የሚለው ቁጥር በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሞ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ያኔም መሣሪያቸው በዋናነት እግርና መጠይቅ ነበር። ወደ ራሳችን ወደ ወሎ ስንመጣ ደግሞ ጓያ አለልሽ። በዳውንትና ደላንታ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስንት ጎበዝ ወጣት እግሩን ይዞት የቀረበት ያ የጓያ ሽባነት በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሚባለው ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ብቻ ይበቅላል፣ ሰው ለወራት እሱኑ ይበላል፣ ከዚያ እግር ይታሰራል፣ አይመለስም። ይህን ከነገሩ አጠገብ የሚኖር ሰው ባይጽፈው ማን ይጽፈዋል? ጉባኤው ላይ የሚመጣው አብዛኛው ሐኪም ጓያን የሚያውቀው ለፈተና ካነበበው መጽሐፍ ነው። አንቺ ግን ሽሮው ሲፈላ ታውቂዋለሽ።

አሁን ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥ ብዬ ልንገርሽ። ፖስተርሽ «ሕዝቡ ስላልተማረ ጠበል ይሄዳል» የሚል ከሆነ እውነትም እፈሪ። ጠበሉ ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ «መድኃኒቱ አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ» አይልም። ሆስፒታሉ ግን ሩቅ ነው፣ የመኪና ብር አለው፣ አንዳንዴም ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃቸዋል። ይህንንም ጻፊው። ርቀቱን አሳዪ፣ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ አሳዪ። አረፋ ሲደፍቅ የነካው ሰው ይተላለፍበታል ተብሎ ልጁ መሬት ላይ ተጥሎ እንደሚቀር አሳዪ። ታካሚዎችሽን ወደ ሆስፒታል የላከ ቄስ ወይም ሼህ ካለ ደግሞ፣ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱን በትልቁ አውጪው። የሚጠይቁሽም ይህንን ነው፦ ስንቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠቀማል፣ ጠበል እየተጠመቀ ክኒኑን የሚውጥ አለ ወይ፣ ክኒኑን አቁሙ የሚባሉትስ። መልሱን አዘጋጂ።

ወደ ሌላው ልለፍ። ጉባኤው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጠሻል? አትሳቂ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በዓለም አቀፍ የነርቭ ጉባኤያችን ላይ ዋና ተናጋሪ እንዲሆኑልን» የሚል ኢሜይል የማይደርሰው ሐኪም የለም አሁን። ገና ኢንተርን የሆነ ልጅ እንኳ ፕሮፌሰር ይሉታል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሆቴል፣ የነርቭም የጥርስም የከብት እርባታም ጉባኤ ያዘጋጃሉ። ስማቸው ከትልልቆቹ ጋር እንዲምታታ አድርገው ነው የሚያወጡት። አብስትራክት፣ ማለት የጥናትሽን አጭር መግለጫ፣ በላክሽ ማግስት «እንኳን ደስ አለሽ» ካሉሽ ጠርጥሪ፣ ደህና ጉባኤ ገምጋሚ አለው፣ ገምጋሚ ደግሞ ይቆያል።

የሚታወቁት ይታወቃሉ። የዓለም ኒውሮሎጂ ፌዴሬሽን አለ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ የተቋቋመው፣ ጉባኤው በየሁለት ዓመቱ ነው፣ በ2023 ሞንትሪያል ነበር፣ በ2025 ሴኡል። የአውሮፓ ኒውሮሎጂ አካዳሚ በየዓመቱ ክረምታችን ሲገባ ያካሂዳል። የሚጥል በሽታን ብቻ የያዘው ዓለም አቀፍ ሊግ ደግሞ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ያንቺ ከነዚህ ወይም ከብሔራዊ ማኅበራት የአንዱ ካልሆነ አዲስ አበባ ያሉትን የነርቭ ሐኪሞች ጠይቂ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊቲ ትምህርት ከጀመረ በኋላ የወጡት ሐኪሞች ብዙዎቹ ይህን መንገድ ሄደውበታል፣ በአንድ ቴሌግራም መልእክት ይነግሩሻል።

እውነተኛ ከሆነ ወደ ፖስተሩ ህትመት። መጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ፣ አንዳንዱ ጉባኤ በስክሪን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያኔ ምንም አታትሚም። ወረቀት የሚሉ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ኤ ዜሮ ነው፣ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ረዥም። ፒያሳ ያሉት ባነር ቤቶች የሠርግና የምርቃት ባነር ሲያትሙ ነው የሚውሉት፣ ለነሱ ይህ ምንም አይደለም። ጨርቅ ካላቸው በጨርቅ አሳትሚው፣ ታጥፎ ከልብስ ጋር ይገባል፣ በየአውሮፕላን ማረፊያው ያንን ረዥም ቱቦ ተሸክመሽ ከመንገላታት ትድኛለሽ። ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጫቸው። በወርድ ከሰጠሻቸው ፊደሉ ይበታተናል፣ ልጁም «ላስተካክለው» ብሎ ይነካካዋል፣ ከዚያ ከጀርባው የአበባ ፍሬም ጨምሮ ቢሰጥሽ እንዳትገረሚ። ከማተሙ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ እዪው፣ በተለይ የራስሽን ስምና የከተማችንን ስም።

ጽሑፍ አታብዢ። ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው፣ ያውም እየበላ። አንድ የደቡብ ወሎ ካርታ አድርጊ፣ ታካሚዎቹ ከየት እንደሚመጡ በነጥብ የሚያሳይ፣ አንድ ግራፍ ደግሞ ከመጀመሪያው መውደቅ እስከ መጀመሪያው ክኒን ያለውን ጊዜ የሚያሳይ። የታካሚ ፊት እንዳታደርጊ፣ ቢፈቅዱልሽም ይቅር። ጥግ ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፊና ሙሉውን ጥናት እዚያ አስቀምጪው።

እዚያ ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ የሚለውን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ልናገር። ጉባኤው ትልቅ ነው፣ በአንድ ሰዓት በብዙ አዳራሽ ይካሄዳል፣ ሁሉንም ልይ ካልሽ ኮሪደር ለኮሪደር ስትሮጪ ትውያለሽ። ፕሮግራሙን ደሴ ሆነሽ አውርጂው። ለክትትል ክፍልሽ የሚጠቅምሽን ለዪ፣ ለምሳሌ የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) ንባብ ኮርስ ካለ እሱን አስቀድሚ፣ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ቀድመሽ ተመዝገቢ፣ አንዳንዱ ኮርስ ለብቻው ያስከፍላል። ስለ አዲስ የጂን ሕክምና የሚነገርበት ትልቁ አዳራሽ አንዴ ገብተሽ መስማት አይከፋም፣ ደስ ይላል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደሴ በአሥር ዓመት የማይደርስ መድኃኒት ስትሰሚ ከርመሽ ለመመለስ ከሆነ ቅሪ። ሰዓቱን ደግሞ ልብ በይ፣ ፕሮግራሙ ላይ 8 ሰዓት የሚለው የጠዋቱ ነው፣ በኛ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ስምንት ተኩል ላይ ገብቶ ወንበር የሚጠብቀው እንግዳ እዚያ የለም።

በፖስተርሽ ሰዓት ከፖስተርሽ አጠገብ አትጥፊ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚያደርጉት ሰው ሁሉ ሳንድዊች ፍለጋ ይሄዳል፣ አንቺ ግን ቁሚ። ሰው ቀረብ ሲል «ሰላም፣ በአንድ ደቂቃ ልንገርህ?» በይው። አንድ ደቂቃዋን ቤት ውስጥ ተለማመጃት። ደሴ የት ነው ይሉሻል፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ጦሳ የሚባል ተራራ ስር ያለች ብርዳማ ከተማ፣ በይና ወደ ጥናትሽ ተመለሺ። እንግሊዝኛዬ ብለሽ አትጨነቂ፣ እዚያ ከሚመጣው ሰው ግማሹ እንግሊዝኛን እንደ አንቺው በትምህርት ነው የተማረው፣ ዘዬውን ስትሰሚ ፈታ ትያለሽ። አንዳንዱ መጥቶ በትህትና አንብቦ ይሄዳል፣ ተይው። አንዱ ግን ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ከናይጄሪያ ወይ ከሕንድ ወይ ከፔሩ የመጣ ይሆናል፣ እሱም አገሩ ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ያንን ሰው ኢሜይሉን ሳትቀበዪ አትለቂው። ከተመለስሽ በሳምንት ውስጥ ጻፊለት፣ ከዚያ በላይ ከቆየሽ ፊትሽን ይረሳል። ለኔ ጉባኤ ማለት እንደሱ ያለ ሦስት አራት ሰው ይዞ መመለስ ነው። ሰርተፍኬቱንማ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ታካሚ አይድንበት።

የአፍሪካ ኒውሮሎጂ አካዳሚ ሰዎችም አይጠፉም፣ ፈልጊያቸው። በአኅጉሩ ለወጣት ሐኪሞች የሚሰጡ የማስተማሪያ ኮርሶች አሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እነሱ ናቸው የሚጠቅሙሽ።

አሁን አለቃሽ። እየሳቀ «ትመለሻለሽ ግን?» ያለሽ ቀልድ አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንቺ ከሄድሽ ክትትሉን የሚይዝ ሰው የለውም። ስለዚህ በአፍ አትመልሺለት። የፈቃድ ደብዳቤ ጠይቂው፣ ከዚያው ጋር አንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እሄዳለሁ፣ ታካሚዎቼን ዶክተር እከሌ ይሸፍናል፣ ስመለስ ለኢንተርኖችና ለነርሶች ከተማርኩት ሴሚናር እሰጣለሁ። ይህ ወረቀት ሁለት ሥራ ይሠራልሻል፣ ኤምባሲም ያንኑ ጥያቄ ነው የሚጠይቅሽ፣ እነሱ ግን አይስቁም።

እናትሽን በተመለከተ፣ እማማ የሚሉት ስለሚወዱሽ ነው፣ ደሞዝሽንም ስለሚያውቁት ነው፣ አልፈርድባቸውም። መሄድና መቅረት የራስሽ ውሳኔ ነው፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ፊት ለፊት ልበልሽ። ለመቅረት ካሰብሽ በጉባኤ ስም አትሂጂ። ውጭ ለመሥራት ሕጋዊው መንገድ ለሐኪም ክፍት ነው፣ ፈተናው ከባድ ነው፣ ግን አለ። በጉባኤ ወጥቶ የሚቀር ሰው የሚዘጋው ከኋላው የሚመጣውን ሐኪም በር ነው። ይህ ወሬ አይደለም፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎቻችሁን ለመመለስ አልተባበራችሁንም ብሎ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው መደበኛ ጊዜ ለኛ 45 ቀን ሆኗል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውም ቪዛ ቀርቷል።

ስለዚህ ለሰኔ ጉባኤ በግንቦት ቪዛ ማለት ቀልድ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፣ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ቀን ይበላል፣ በጥር ጀምሪ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልግሻል። ፓስፖርትሽ ከምትመለሺበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው ይሁን። የጉባኤው ግብዣ ደብዳቤ፣ የተቀበሉሽበት ደብዳቤ፣ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታም የጋብቻ ወረቀትም ካለሽ ጨምሪ። ከዘመድ ተበድረሽ ሂሳብሽን በአንድ ሳምንት እንዳታሳብጪ፣ ይህችን ዘዴ ቆንስላዎቹ ከኛ በላይ ያውቋታል። ለአሻራ በአካል አዲስ አበባ መውረድ አለብሽ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ብትሄጂ ተረኝነትሽ ሳይዛባ ትመለሻለሽ። የአውሮፓ ቲኬቱን ግን ቪዛው እጅሽ ሳይገባ እንዳትከፍዪበት፣ ቦታ ብቻ አስይዢ።

የመጨረሻው ብሩ ነው፣ እዚህ ላይ ጓደኞችሽ ከሚሉሽ የተለየ ነው የምልሽ። ዕቁቡን አትንኪው።

ሰው «ለራስሽ ኢንቨስት አድርጊ» ይልሻል። የአንድ ስፔሻሊስት ደሞዝ ስንት ወር ተጠራቅሞ የሦስት ቀን ጉባኤ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። መጀመሪያ የጉዞ ድጎማ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ከአብስትራክቱ ጋር አብሮ ነው የሚሞላው፣ ያቺን ሳጥን ምልክት አድርገሽባት ከሆነ መልሱን ጠብቂ፣ ካላደረግሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ የተመረጠ ሰው ቪዛ ሲከለከል ቦታ ይከፈታል። የዓለም ፌዴሬሽኑ ለታዳጊ አገር ወጣት የነርቭ ሐኪሞች የሚሰጠው የጉዞ ድጎማ አለ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪምን ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ፣ መጠየቅ አያስከፍልም። የምዝገባ ዋጋም ለሁሉም አንድ አይደለም፣ በአገር ገቢ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው፣ ቀድሞ ለተመዘገበም ይቀንሳል፣ ሠንጠረዡን እስከታች አንብቢው። ክፍያው በካርድ ብቻ ነው ካሉሽ ውጭ ላለ ለማታውቂው ሰው ብር ሰጥተሽ «ክፈልልኝ» እንዳትይ፣ አዘጋጆቹን በባንክ ማስተላለፍ ወይም እዚያው ስደርስ መክፈል ይቻላል ወይ በያቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተማር ድርሻ ካለሽ የምርምር ቢሮውን አንኳኪ፣ ለምዝገባ ብቻ እንኳ ቢሰጡሽ ትልቅ ነገር ነው።

ድጎማው ምዝገባና ማደሪያውን ከቻለልሽ፣ የቲኬቱን ቀሪ ከኪስሽ ብትጨምሪ እሺ። ምንም ካልተገኘ ግን አትሂጂ፣ ተበድረሽም አትሂጂ። ያኔ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ፖስተር አቅራቢው ካልተመዘገበ አብስትራክቱን የሚሰርዙ ጉባኤዎች አሉ፣ ስለዚህ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ጻፊላቸውና በኦንላይን ማቅረብ ይቻላል ወይ፣ ወይም ከጥናቱ ጸሐፊዎች የሚሄድ ካለ እሱ ያቅርበው ወይ በያቸው። ካልሆነም በክብር አውጪውና ሙሉውን ጽሑፍ ለመጽሔት አዘጋጂው። ለደሃ አገር ጸሐፊዎች የህትመት ክፍያ የሚተዉ መጽሔቶች አሉ፣ ከመላክሽ በፊት ክፍያውን የሚተዉ መሆናቸውን ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። ረቂቁ ሲያልቅ ለኔም ላኪልኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።